አጭር የማርሽ ዘንግ ካስገባሁ በኋላ ሁለተኛ አልገባ አለኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የ1995 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፣ ባለ 5 ማርሽ። ቅዳሜ ኦሪጅናሉን የማርሽ ዘንግ አውጥቼ አጭሩን አስገባሁ። አጭሩ ዘንግ ከሚወዛወዝበት ኳስ በታች ያለው ክፍሉ ረዘም ስለሚል እጅ የሚሄደው ትንሽ ነው፤ በዚያው ልክ ጉልበት ይፈልጋል። ይሄን አውቄ ነው የገባሁበት።

ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ካምቢዮው ሳይሞቅ ሁለተኛ አልገባም ይላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቅቤ ይሆናል። በዚያ ላይ ከ3,500 ዙር በላይ ዘንጉ እንደ ንብ ይጮኻል፤ መዳፌን ሳሳርፍበት ዝም።

ሥራው ራሱ 3 ብሎን ፈትቶ ከላይ መምዘዝ ነው። የታችኛው ላስቲክ ተቀዶ ስለነበር ቀየርኩት። ዘንጉ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የነበረውን ጥቁር ዘይት በሲሪንጅ መጥጬ 75-90 የካምቢዮ ዘይት ጨመርኩ። ጫፉ ላይ የምትገባውን የፕላስቲክ ቡሽ (ጫፉን የምታቅፍ ቀለበት) ግን ከአሮጌው ነቅዬ መለስኳት (ስስት ነው፣ አትሳቁ)። ስጨርስ ደግሞ ሞገድ የመሰለች ቀጭን ሮንዴላ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች! ዕቃው ያለ መመሪያ ነው የመጣው።

ጩኸቱ ከሮንዴላዋ ይሆን? ሁለተኛውስ የሲንክሮ (ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ቀለበት) ጣጣ ነው ወይስ የዘንጉ? ፍሪሲዮኑ ደህና ነው። ካምቢዮ ከማስወረዴ በፊት የሞከራችሁት ነገር ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።