ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ የምታድር ደባል ማስገባት፦ ኪራዩ፣ ምግቡ፣ መብራቱና ውሉ እንዴት ይሁን?

ማራኪ ግቢ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ጎንደር ማራኪ ነው፤ የግል፣ ሦስት ክፍልና ሳሎን። አንደኛው ክፍል ባዶውን ተቀምጧል፤ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ መስኮቱ ወደ ግቢ፣ ሽንት ቤትና ሻወሩ የጋራ። የወር ወጪው ስለከበደን ደባል እናስገባ ብለናል። የተገኘችው የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቦቿ ማክሰኝት ስለሆኑ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ትሄዳለች፤ ሰኞ ጠዋት ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ቢሮ ትገባለች። አዳሯ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነው፤ ቁርስና እራት ከኛ ጋር። «አራት ቀን ስለሆነ ኪራዩ በግማሽ ይሁንልኝ» ትላለች። ልክ ነው ወይ? ምግቡስ በምን ይሰላል? ቆጣሪው አንድ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውል የግድ ነው ወይስ በሰው ፊት ከተነጋገርን ይበቃል?

ጃንተከል ዋርካ
እትዬ፣ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ሌላ ነገር ይቁረጡ፦ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ክፍሉ የማን ነው?

ዕቃዋ አልጋው ላይ እንዳለ በሩን ቆልፋ የምትሄድ ከሆነ ክፍሉ ሙሉ ወር የእሷ ነው። እርስዎ እንግዳ አያሳድሩበትም፣ ልጅ አያስጠኑበትም። እንዲህ ከሆነ ኪራዩ ሙሉ ነው፤ የሚቀንሰው ምግቡ፣ ውሃውና መብራቱ ብቻ።

ዕቃዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ክፍሉን ከለቀቀችልዎ ግን ቅናሽ ይገባታል። በወር የምታድረው 17 ሌሊት ገደማ ነው። ለምሳሌ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ክፍል ሙሉውን 4,000 ብር ቢከራይ፣ በሌሊት ቢቆጠር 2,267 ብር ይመጣል። እዚያ ድረስ አይውረዱ። የቀሩትን 13 ሌሊቶች ለሌላ ሰው ማከራየት አይችሉማ። ከአራት ሦስት እጁ፣ በዚህ ምሳሌ 3,000 ብር፣ ለሁለታችሁም የሚያስኬድ ነው። ግማሽ ማለት ግን የእሷን ባዶ ሌሊት እርስዎ ይክፈሉ ማለት ነው።

የጥምቀትን ነገር ከወዲሁ ይነጋገሩ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፤ በሥራ ቀን ቢውልም የጎንደር ቤት ሁሉ እንግዳ ይሞላዋል። ከጥር 9 እስከ 13 ክፍሉን የሚፈልጉት ከሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የነዚያ ቀናት ኪራይም ይነሳላት። በጥር 8 ማታ የሚነሳ ጥያቄ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ባለ ሌማት
እህቴ፣ ምግቡን ከኪራዩ ለይተሽ ያዢው። አንድ ላይ ከደባለቅሽው ጤፍ በጨመረ ቁጥር ኪራይ የጨመርሽ ይመስላል።

ሰኞ ቁርስ የለም፣ ዓርብ እራት የለም። ስለዚህ በሳምንት 4 ቁርስና 4 እራት፣ በወር 17 ቁርስና 17 እራት። እንጀራውን በግምት አትቁረጪ። ዱቄቱን መዝኚ፣ አቡኪ፣ ከጋገርሽ በኋላ ቁጠሪ፤ የዱቄቱን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ወጪ ደምረሽ ለእንጀራው ብዛት አካፍዪ። ምጣድ ከምጣድ፣ እጅ ከእጅ ስለሚለይ የጎረቤት ቁጥር አይሠራልሽም። አንድ ሠራተኛ ለእራት አንድ ተኩል እስከ ሁለት፣ ለቁርስ ፍርፍር አንድ ይበላል፤ በወር ከ43 እስከ 51 እንጀራ ያዢ።

ወጡን ለአንድ ሰው እንዲህ አስቢው፦ ለአንድ እራት ሽሮ 50 ግራም፣ ሽንኩርት 100 ግራም፣ ዘይት 30 ሚሊ ሊትር። በ17 ሲባዛ ሽሮ 850 ግራም፣ ሽንኩርት 1.7 ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ። ምስር ወይም ክክ የምትሠሪበትን ቀን በሽሮው ቦታ ተኪው። ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ለብቻው ደምሪ። በርበሬ፣ ጨውና ቅመም ከጠቅላላው ላይ አንድ አሥረኛ ብትጨምሪ ይሸፍነዋል።

ከነዚህ ቀናት ጾም የሚሆኑት ረቡዕና የዓርብ ቁርስ ናቸው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ነው፤ ጿሚ ከሆነች ቁርሱ ይቀራል፣ እራቱም ይቀላል። በየጾሙ ዋጋ ከመቀያየር የዓመቱን አማካይ ይዘሽ አንድ ዋጋ ብትቆርጪ ይሻላል። የማትመጣበትን እራት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ትደውል፤ ከዚያ በኋላ ከቀረች ይቆጠራል። ቡናውን አትቁጠሪው፤ ቡና ከተቆጠረማ ቤት አልሆነም።

ሽቦና ፊውዝ
ወደ መብራቱ። የሷ ፍጆታ በወር፣ 17 ቀን ይዘን፦

አምፖል 9 ዋት፣ ማታ 5 ሰዓት፦ 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።
ስልክና ላፕቶፕ፦ 3 ገደማ።
የውሃ ማፍያ በቀን አንዴ፦ ወደ 3።
ካውያ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ፦ ከ3 እስከ 4።
የሻወር ማሞቂያ 4 ኪሎዋት፣ በቀን 8 ደቂቃ፦ 9።

ድምሩ 20 ቢሞላ ነው። ሂሳቡን የሚያዛባው ክፍሏ ውስጥ የምታስገባው ምድጃ ነው። 1,500 ዋት ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ቢበራ ብቻውን 25 ይሆናል፤ ከላይ ከዘረዘርኩት ሁሉ ይበልጣል። ምግብ ከናንተ ጋር ከሆነ ምድጃ በክፍሏ አይፈቀድ።

የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ የድሮ ቢል ላይ ያለ ዋጋ ይዛችሁ አታባዙ። ከዋናው ቀጥሎ ለክፍሏ የውስጥ ቆጣሪ ካስገባችሁ በድርሻ አስሉት፦ የቤቱ ንባብ 180፣ የሷ 30 ከሆነ የቢሉን አንድ ስድስተኛ ትከፍላለች። የመጀመሪያውን ቁጥር ሁለታችሁም ባላችሁበት በስልክ ፎቶ አንሱት። የሻወር ማሞቂያው ግን በክፍሏ መስመር ስለማያልፍ ቆጣሪው አይዘውም፤ በላዩ ላይ 9 ጨምሩበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ነው ብለን ብንይዝ፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል። የክፍሏ ሶኬት ከምጣዱ መስመር ላይ ተቀጥሎ ከሆነ ማፍያ ስትሰካ 8 አምፒር ይጨመራል። ፊውዙ ቢወድቅ ደግ ነው፤ ካልወደቀ ሽቦው ይግላል፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ምጣዱ ለብቻው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሶኬቶቹ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ16 አምፒር ፊውዝ ጋር ይሁኑ። ወደ ክፍሏ በዲቫይደር መስመር መጎተት አይሆንም።

አዘዞ መስመር
ሽቦና ፊውዝ፣ ለ20 ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪ ገዝቶ፣ ባለሙያ ከፍሎ? ወጪው መቼ ይመለሳል? ምድጃ ካልገባ በሰው ቁጥር ማካፈል ይበቃል። የቤቱ ሰዎች አራት ብትሆኑ፣ እናንተ ሙሉ ወር፣ እሷ ከግማሽ ትንሽ በላይ፤ የቢሉን አንድ ስምንተኛ ትክፈል።

ሽቦና ፊውዝ
ምድጃ የማይገባ ከሆነ እስማማለሁ፤ ቆጣሪው ይቅር። የመስመሩ ነገር ግን አይቀርም።

የቀሃ ውሃ
ገላ 20 ሊትር፣ ሽንት ቤት 15፣ እጅና ፊት 5፤ በቀን 40 ሊትር፣ በአራት ቀን 160። እናንተ የምታጠራቅሙት እንዳለ ሆኖ ለሷ አንድ 200 ሊትር በርሜል ጨምሩ። እሁድ ማታ ሙሉ መሆን አለበት፤ ሰኞ ፈረቃው ባይመጣ ሳምንቱን ይይዛል። የበርሜሉ ክዳን ይገጥም፤ መቅጃው እጀታ ያለው ይሁን፣ እጅ አይግባበት። የመጠጡ በሌላ ጀሪካን። ልብስ እዚህ እንዳይታጠብ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አንድ ዙር አጠባ የሁለት ቀን ውሃዋን ይጨርሳል። ማክሰኝት ወስዳ ትጠበው።

ከሰል ደግሞ ማታ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። ብርዱ ሲጠና በሩን አጥብቃችሁ ትዘጋላችሁ፤ የፋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣዋል፣ በእንቅልፍ ይገድላል። ብርድ ልብስ ይጨመርላት።

የውል ነገር
በቃል አይበቃም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። አነስተኛውን የውል ዘመንም 2 ዓመት አድርጎታል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ በክልሉ ውሳኔ ላይ ስለሚመሠረት፣ ለናንተ ዓይነቱ የቤት ውስጥ ደባል እንዴት እንደሚሠራ ከመፈራረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁን ጠይቁ። ምስክር ሁለት ይሁን፤ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ይጠይቃል። አንዱ ከሷ ወገን ቢሆን ጥሩ ነው።

ከገባች በኋላ ሳይሆን ከመግባቷ በፊት፦ የመታወቂያዋን ኮፒ (ፋይዳ ካላት እሱን)፣ ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ስልክ ያዙ፤ አዲስ ነዋሪ መግባቷንም ለቀበሌ አሳውቁ። በዚህ ጊዜ ሳያሳውቁ ሰው ማሳደር ለሁለታችሁም ጣጣ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ሲገባ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የወሩ ስም ይጻፍ፤ የኪራዩና የምግቡ ለየብቻ ይላክ። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ግብር ስላለው የምግቡ ገንዘብ ከኪራዩ ጋር ተደባልቆ መታየቱ አይጠቅማችሁም።

የናንተ የግል ነው ብላችኋል እንጂ፣ ይህን የሚያነብ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ካለ አይሞክረው። በቀበሌ ቤት ደባል አስገብቶ ኪራይ መቀበል ቤቱን ያስነጥቃል።

ማራኪ ግቢ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ክፍሉን ዓርብ ዓርብ እንድትለቅልን ተስማምተናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። መንገድ ተዘግቶ ዓርብ መሄድ ባትችልስ? ቁልፉስ? የዓመት ፈቃድ ወጥታ ወር ሙሉ ብትቀርስ?

አዘዞ መስመር
ሁለት ብለሽ ሦስት ጠየቅሽ። ፈቃድ ስትወጣ ኪራዩ ይከፈላል፣ ምግቡ ይነሳል።

ጃንተከል ዋርካ
መንገድ ሲዘጋ አታስወጧትም መቼም። ስለዚህ ክፍሉን በቅዳሜ እንግዳ ከመያዝዎ በፊት ዓርብ እስከ 6 ሰዓት መሄድ አለመሄዷን ትንገርዎ። እንግዳ ካለ እሷ ሳሎን፣ ከሌለ ክፍሏ። ትርፍ ሌሊቱን የኪራዩን አንድ 17ኛ (በ3,000 ብር ወደ 176 ብር) እና የበላችውን ምግብ ሂሳብ ትከፍላለች።

ቁልፍ፦ የክፍሉን ቁልፍ ሲሊንደር አዲስ ይቀይሩ፤ የቀድሞው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ክፍሉን ሁለታችሁም ስለምትጠቀሙበት አንድ ለሷ፣ አንድ ለእርስዎ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ግን የእሷ ብቻ ይሁን፤ ትርፉ በፖስታ ታሽጎ፣ ሁለታችሁ መታሸጊያው ላይ ፈርማችሁ ይቀመጥ። ዓርብ ስትወጣ አንሶላዋንና ትራሷን ቁም ሳጥን ታስገባለች፤ እንግዳው በሌላ አንሶላ ይተኛል። እንግዳ ካደረ በኋላ የፍራሹን ስፌት ገልጠው ይዩት፤ ትኋን እዚያ ነው የሚደበቀው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል።

ማራኪ ግቢ (ጠያቂ)
እንዲህ ጻፍኩት፦ «ተከራይዋ ቅዳሜና እሁድ ክፍሉን ለአከራይዋ ትለቃለች።» ይበቃል?

የውል ነገር
አይበቃም። በዚህ አጻጻፍ የዓርብ ሌሊት የሷ ነው፤ ሰኞ ጠዋት መጥታም ክፍሉን ልትጠይቅ ትችላለች፣ እንግዳዎት ግን ገና አልተነሣም። እንዲህ ይበሉት፦ «ከዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ክፍሉ በአከራይዋ እጅ ይሆናል፤ የተከራይዋ ዕቃ በተቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆያል፤ ቁም ሳጥኑን አከራይዋ አትከፍትም።» የመጨረሻዋን ሐረግ አይዝለሏት፤ ለመፈረም እጇን የሚያቀልላት እሷ ናት።