የስልኩ ተመለስ ቁልፍ ገጹን ትቶ አፑን ይዘጋል

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆረጥበት የፍላተር (የአፕ መሥሪያ) አፕ ላይ ተቸግሬአለሁ። የገጾቹ ቅደም ተከተል መነሻ፣ ጀልባ፣ መቀመጫ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ ነው። ከታች 3 ታብ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ናቪጌተር (ገጾችን ደራርቦ የሚይዝ) አለው።

መጀመሪያ ደረሰኙ ላይ ተመለስ ሲባል የክፍያው ገጽ ይመጣ ነበር፤ ተሳፋሪው ላንድ ወንበር ሁለቴ ሊከፍል ነው። ፑሽ ሪፕሌስመንት የሚባለው ትእዛዝ ክፍያውን ብቻ ተክቶ መቀመጫውን ከሥር ተወው። ፑሽ ኤንድ ሪሙቭ አንቲልን (አዲስ ገጽ ከፍቶ ከሥር ያሉትን የሚያስወግደውን) ኢዝ ፈርስት (የመጀመሪያው ገጽ) ላይ እንዲቆም ሳደርገው ተስተካከለ። (ሁሌ ፎልስ ብትሰጡት መነሻውንም ጠራርጎ ይወስደዋል።)

የቀረው ይሄ ነው፦ ከላይ ያለው ቀስት ወደ መነሻ ይመልሳል፣ የስልኩ ቁልፍ ግን አፑን ይዘጋል። ቁልፉ የሚደርሰው ለዋናው ናቪጌተር ነው፤ እዚያ ያለው አንድ ገጽ ብቻ። ዋናውን ገጽ በፖፕ ስኮፕ (መመለስን በሚቆጣጠረው) ጠቅልዬ ካንፖፕን (መመለስ መፈቀዱን የሚወስነውን) ፎልስ አደረግሁና የታቡን ሜይቢ ፖፕ (ከተቻለ አንድ ገጽ የሚመልሰውን) ጠራሁ። ወደ ኋላ መመለሱ ሠራ፣ አሁን ደግሞ ከመነሻው መውጣት አልተቻለም!

ናቪጌተር ፖፕ ሃንድለር (የስልኩን ቁልፍ ለውስጠኛው ናቪጌተር ለማድረስ የሚረዳው) ይሻላል? ታቦቹ ኢንዴክስድ ስታክ (ሁሉንም ይዞ አንዱን ብቻ የሚያሳይ) ውስጥ ስለሆኑ የተደበቁትም ገጽ እንደያዙ ይቆያሉ። የሃንድለሩን ኢነብልድ (ማብሪያ ማጥፊያውን) ለተመረጠው ታብ ብቻ ትሩ ባደርግ የተደበቀው ታብ መውጫውን መዝጋቱን ይተዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ ኮዱን አሳዩኝ።