ገልጦ ለማየት የሚመቹ የዲጂታል ዲዛይን ገጾችና መሣሪያዎች (ጥቆማ)

ጥሩ የዲጂታል ዲዛይን ሥራዎች የት እንደሚገኙና በየትኞቹ የኦንላይን መሣሪያዎች መለማመድ እንደሚሻል ለጠየቃችሁ፣ ስጠቀምባቸው የቆየሁትን እያነጻጸርኩ አቀርባለሁ። ሚዛኔ ያጋደለ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ ውበቱን ብቻ ከሚያሳየኝ ገጽ ይልቅ አሠራሩን ገልጬ እንዳይ የሚፈቅድልኝን አስቀድማለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ዲዛይነሮች ሥራቸውን በሚያሳዩባቸው ገጾች፣ በቢሃንስ ወይም በድሪብል ነው። በ2005 ተመሥርቶ በ2012 መጨረሻ የፎቶሾፕ ባለቤት በሆነው በአዶቢ የተገዛው ቢሃንስ፣ ባለሙያዎች አንድን ሥራ ከመጀመሪያ ንድፉ እስከ ውጤቱ በሰፊው የሚያስረዱበት በመሆኑ ከሁለቱ ይበልጥብኛል። ድሪብል በአንዲት ትንሽ ምስል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እዚያ የምናየው የመተግበሪያ ገጽታ ብዙ ጊዜ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ፣ ለዓይን ብቻ የተሠራ ነው። የቀለም ሐሳብ ለመቃረም ይበቃል።

አዋርድስ በእውን የሚሠሩ ድረ ገጾችን ያወዳድራል። ከዳኞቹ ነጥብ 40 በመቶው ለዲዛይን፣ 30 በመቶው ለአጠቃቀም ምቹነት፣ 20 በመቶው ለፈጠራ፣ 10 በመቶው ብቻ ለይዘት የተመደበ ነው፤ ተሸላሚ ገጾች በእንቅስቃሴ ተጥለቅልቀው፣ ለመከፈት ጊዜ ፈጅተው፣ በመጨረሻ የሚነበብ ነገር የሚያጥርባቸው ለምን እንደሆነ ይህ ክፍፍል ሳያስረዳ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ የምጠቁመው በኮድ የተሠሩ የሥነ ጥበብ ሥራዎች የሚታዩበትን ኦፕን ፕሮሰሲንግን ነው። መሠረቱ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 ለሥነ ጥበብ ሰዎች የጀመሩት ፕሮሰሲንግ የተባለው የኮድ ቋንቋ ሲሆን፣ ፒ5 ጄኤስ የተባለውን የብራውዘር አቻውን ሎረን ሊ ማካርቲ በ2013 ጀመረችው። አብዛኛው ሥራ ከነኮዱ ስለሚቀርብ፣ አንዲት ቁጥር ለውጣችሁ ውጤቱን ወዲያውኑ ታያላችሁ። እኔ አንድ የተራራ ሰንሰለት የሚስል ሥራ ከፍቼ «ኖይዝ» የሚለውን ትእዛዝ «ራንደም» በሚለው ብተካው፣ ያ ለስላሳ ተራራ ሕፃን የሞነጫጨረው ወረቀት መሰለ። ራንደም በየጊዜው ከቀደመው ጋር የማይገናኝ ቁጥር ሲያወጣ፣ ኖይዝ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ለጎረቤቱ እንዲቀርብ አድርጎ ያወጣል፤ ደመናም ሆነ ተራራ የተፈጥሮ መልክ የሚይዘው በዚህ መቀራረብ መሆኑን የተረዳሁት፣ ሥራውን በማድነቅ ሳይሆን በማበላሸት ነው።

በኮድ ብቻ የተሠሩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች የሚታዩበት ሼደርቶይም ኮዱን አይደብቅም፤ ባሕሩም ዳመናውም የእያንዳንዱን ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ቀለም በሚያሰላ ሒሳብ የሚወጣ በመሆኑ ያስደንቃል። ሆኖም ለጀማሪ ይከብዳል፤ አቅም የሌለውን ላፕቶፕም ክፉኛ ያግላል። የድረ ገጽ ቁልፎችንና ዝርዝሮችን ለሚሠራ ሰው፣ የድረ ገጽ ኮድ እየጻፉ ውጤቱን እዚያው የሚያዩበት ኮድፔን ይሻላል።

ወደ መሥሪያዎቹ ስንመጣ፣ የመተግበሪያና የድረ ገጽ ገጽታ በቡድን ለመንደፍ ፊግማ እስካሁን ቀዳሚ ነው። አዶቢ በመስከረም 2022 ሊገዛው መስማማቱ ሲሰማ (ስምምነቱ በታኅሣሥ 2023 ቀረ) ሥራዬን በሙሉ በአንድ ድርጅት እጅ ማኖሬ አሳስቦኝ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ፔንፖትን ሞከርኩ። ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፤ በራስ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ፍጥነቱ ግን ገጾች ሲበዙ እንደ ፊግማ አልሆነልኝም። ለፎቶ ማስተካከያ ፎቶፒን ያለማመንታት እጠቁማለሁ። ኢቫን ኩትስኪር የተባለ ፕሮግራመር የሠራው ሲሆን፣ የፎቶሾፕን ፋይል ከነንብርብሩ ይከፍታል፤ ምስሉም ወደ ሰርቨር ሳይላክ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። በጎን ያለውን ማስታወቂያ መታገሥ ነው። በፊደላችን ለምትሠሩ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ምረጡ፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ በላቲን ትላልቅ ፊደላት ላይ የተመሠረተን ርእስ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ በውፍረትና በመጠን ለዩት።

ያገኛችሁትን ለማከማቸት፣ ማስታወቂያም የ«ላይክ» ቆጠራም የሌለበት አሪና ይሻላል። ነገር ግን አድራሻውን ብቻ አታስቀምጡ፤ ተንቀሳቃሽ ሥራዎችን በብራውዘር ያሳይ የነበረው የፍላሽ ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ፣ መዝግቤያቸው ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ቀርተውብኛል። አሁን ከእያንዳንዱ ጋር አጭር የስክሪን ቅጂና፣ ኮዱ ክፍት ከሆነም ኮዱን አብሬ አኖራለሁ።