ፍሮድ ሞኒተሪንግ (የባንክ ማጭበርበር ክትትል) ላይ የሰራችሁ እስቲ ምከሩኝ
ሰላም ናችሁ ወገን። አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፣ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ 3 አመት ብር ስቆጥር ቆይቼ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ዋናው መስሪያ ቤት ፍሮድ ሞኒተሪንግ ተዛወርኩ። መርማሪ የምሆን መስሎኝ ነበር እኮ ሃሃ፣ ስራው ግን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አለርት (አጠራጣሪ ነገር ሲኖር ሲስተሙ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ) እያዩ መዝጋት ነው፣ አብዛኛው ደሞ ምንም የለውም፣ ሰውየው ስልክ ቀይሮ ወይ ለሰርግ ብር እያሰባሰበ ነው።

እውነተኛው የመጣ ቀን ነው ጉዱ። ባለፈው ሌሊት ሺፍት ላይ የአንዲት እናት ሂሳብ ከአዲስ ስልክ ተከፍቶ ብሩ በ6 ደቂቃ ለ3 ሰው ተከፋፍሎ ወጣ፣ ለካ ሌቦቹ ከባንክ ነው የምንደውለው ብለው ኦቲፒውን (በስልክ የሚላከውን የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር) ተቀብለዋቸዋል። እኔ ለእናትየዋ ስደውል «አንተም ሌባ ነህ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት፣ እኛው አይደለን የሚደውልላችሁን አትመኑ ብለን ያስተማርነው! አካውንቶቹን እስካሳግድ የአንዱ ብር በኤጀንት (በባንክ ወኪል) በኩል ወጥቷል። እንቅልፍ ነሳኝ በቃ።

አሁን አለቃዬ ኦዲት ግባ እያለኝ ነው፣ እዛ ግን ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ አይደል እንዴ የሚታየው? እዚሁ ልቆይ ካልኩ ደሞ ኤክሴል አልታማም ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ግን ዜሮ ነኝ፣ እሱን ልጀምር ወይስ ለሲኤፍኢ (የማጭበርበር መርማሪነት ሰርተፊኬት) ላንብብ፣ እሱ 2 አመት የስራ ልምድ ይፈልጋል ክፍያውም በዶላር ነው። እዚህ ስራ ላይ የቆያችሁ ሌሊት ሺፍቱን እንዴት ቻላችሁት፣ እድገትስ አለው? እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ተብያለሁ።