ጥቆማ፦ የሁረምን ቪዲዮ የት ላሠራ? ባህር ዳር፣ ማርቆስ ወይስ በስልኬ?

የዳሞቷ፦
ሰላም የጎጃም ልጆች። ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ስለ ሁረም ሱልጣን የሦስት ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ መሥራት እፈልጋለሁ። «ሙህተሼም ዩዝይል» በሚለው የቱርክ ድራማ ላይ ያለችውን ማለቴ ነው። ምስሉ ከድራማው፣ ድምፁ የእኛ ማሲንቆ። መጀመሪያ በመርከብ ስትመጣ ገና አሌክሳንድራ ነች። ቤተሰቧን አጥታለች፤ አገሩን አታውቅም። ሁረም ያላት ሱልጣኑ ሱሌይማን ነው፤ ደስ የምታሰኝ እንደማለት። ያን ሳቋን ከማሲንቆ ጋር ሳስበው ሆዴ ይባባል። ባህር ዳር ቪዲዮ ቤት ላሠራ? ማርቆስ? ወይስ በስልኬ በካፕካት፣ በቪዲዮ ማቀናበሪያው፣ ልሞክር? ላፕቶፕ የለኝም። ብሩም ብዙ አይደለም።

ጣና ዳር፦
ባህር ዳር ነይ። ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ ቪዲዮ ቤት የወንድሜን ሰርግ፣ የእህቴን ምርቃት፣ የልጄን ክርስትና ሠርቶልኛል። ከእሱ ወዲያ ሰው የለም።

የማርቆስ ልጅ፦
ሰርግና ይኼ አንድ ነው እንዴ? ማርቆስ ነይ እህትዓለም። እኛ ሰፈር ያለው ልጅ ሌሊት ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው።

ጣና ዳር፦
ሠርቶ ያሳየውን አንድ ቪዲዮ ላክልንና እንይ።

የማርቆስ ልጅ፦
ማሳየት አያስፈልገውም። እኔ አውቀዋለሁ።

የቢቸናዋ፦
እኔ ግን የትም አትስጭ ነው የምልሽ። የእህቴን መልስ የቀረጽንበትን ካርድ ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጠሁ። ቀብድም ከፈልኩ። «ሳምንት ነይ» አሉኝ። ሳምንት ስሄድ «መብራት ጠፍቶብን ነው»። ሦስት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ካርዱን መለሱልኝ። ቤት ወስጄ ብከፍተው ባዶ። ፎርማት አድርገውታል። አባቴ ሙሽሮቹን ሲመርቅ የተቀረጸው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው።

ዳንግላ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። የቱ ቤት ነው? ስሙን ጻፊው እንጂ ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ።

የቢቸናዋ፦
ስም አልጠራም። ልጆቹም እንጀራቸው ነው። ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሞጣዋ፦
የእኔንም የምርቃት ፎቶ እንዲሁ አጥፍተውብኛል። ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጡ! ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።

ቡሬ፦
ለቱርክ ንግሥት ማሲንቆ! ለሱሌይማንስ ጠላ እንጥመቅለት?

የዳሞቷ፦
ቡሬ፣ እናቴ ቱርክኛ አታውቅም። ሁረም እናቷን እያሰበች ስታለቅስ ግን አብራት አልቅሳለች። ማሲንቆውን ያመጣሁት በእናቴ ምክንያት ነው።

መምህሩ፦
የሱሌይማን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ምጽዋን በ1557 የያዙት የእሱ ሰዎች ናቸው። በእኛ በኩል አፄ ገላውዴዎስ ነበሩ። ሁረም የሞተችው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1558 ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ልጆች ይህን ከድራማው ጋር አያይዘው ቢማሩት ደስ ይለኛል።

እንጅባራ፦
መምህር፣ እሺ። እኔ ግን ማሲንቆ የሚገባት ማሂዴቭራን ናት ባይ ነኝ። ልጇን ሙስጠፋን በ1553 አባቱ ሱሌይማን አስገደለው። ሙሾ ካላችሁ እዚያ ነው ያለው። ሁረምን እንዴት ትወዳላችሁ?

ጣና ዳር፦
ልጅቷ የጠየቀችው ቪዲዮ ቤት ነው። የጊዮርጊሱ ይሻላል ብያለሁ።

የፖሊ ተማሪ፦
የዳሞቷ፣ በስልክ ይሠራል። ካፕካት ይበቃሻል፤ «ፕሮ» የሚል ያለበትን ኢፌክት ብቻ አትንኪ፣ መጨረሻ ላይ ክፈይ ይልሻል። ካይንማስተር የሚባለው ሌላው ማቀናበሪያ በነፃው የራሱን ምልክት ቪዲዮው ላይ ይለጥፍብሻል። የኮምፒውተሩ ማቀናበሪያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃውም ምልክት የለውም፤ ግን ደህና ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ ራሙ 16 ጊጋ ቢሆን ነው የሚመረጠው።

ማሲንቆውን ከምስሉ በፊት ቅረጭ። አዝማሪው ሲያንጎራጉር ምት የለውም፤ እዚያ ላይ ረጅም ምስል ተይ፦ መርከቡን፣ ፊቷን። ምቱ ሲገባ ያኔ ቶሎ ቶሎ ቁረጭ። ስልኩን ከማሲንቆው አንድ ክንድ አርቂው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀይ። የቱርክ ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ አንችም 25 አድርጊው፣ 30 ካልሽው እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪ፤ እንደ ቪዲዮ ከሆነ ጨምቆ ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። መጀመሪያ ሁረምን የተጫወተችው መርየም ኡዘርሊ በፈረንጆቹ 2013 ድራማውን ትታ ወጥታለች። በአራተኛው ምዕራፍ ሁረም የሆነችው ቫሂዴ ፐርቺን ናት። ሁለቱን ፊት በምን ታገናኛቸዋለሽ?

የዳሞቷ፦
በቀለበቱ! ሱሌይማን በእጁ የሠራላት አረንጓዴ ቀለበት። መጀመሪያ ጣቷን በቅርብ አሳያለሁ፤ ማሲንቆው ዝም ይላል፤ ከዚያ ያረጀው ፊቷ ይመጣል። ይኼን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ዳንግላ፦
በትዝታ ቅኝት እንዳታደርጊው። ለናፍቆት ሁሉም ትዝታ ነው የሚያስመታው። አንቺ ሆዬ አስመችና ስሚው፤ የሰው አገር የገባ ሰው ስሜት አለው።

የሞጣዋ፦
የታወቀ ዘፈን ካደረግሽበት ዩቲዩብ ይይዝብሻል። አዝማሪ ብታስቀርጭ ድምፁን ማንም አይከለክልሽም፤ ምስሉን ግን የድራማው ባለቤቶች ሊያስይዙት ይችላሉ። ብር አገኝበታለሁ ብለሽ አትነሽ። አዝማሪውንም አስፈቅጅ፣ ስሙን ጻፊለት፣ የእጁን ክፈይው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ከዋኝንም ይጠብቃል።

የማርቆስ ልጅ፦
ይኼን ሁሉ የእኔ ልጅ ያውቀዋል።

የፖሊ ተማሪ፦
የቢቸናዋ፣ ካንች ጋር አንድ ጉዳይ አለኝ። ካርዱ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ሌላ ነገር ተቀርጾበታል?

የቢቸናዋ፦
አልተቀረጸበትም። ካየሁት ጀምሮ ነክቸው አላውቅም።

የፖሊ ተማሪ፦
እንግዲያው ተስፋ አለው። ፎርማት ብዙ ጊዜ ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ሌላ ካልተጻፈበት ቪዲዮው ሊገኝ ይችላል። ፎቶሬክ የሚባል የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ነፃ ፕሮግራም አለ። ይወጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ስልክ ውስጥ አትክተችው፣ ፎቶም አታንሽበት። ባህር ዳር ስትመጭ ይዘሽው ነይ፤ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነው የምሠራው፣ ካርዱ ከዓይንሽ አይርቅም።

የዳሞቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የቢቸናዋ፣ ከእኔ ቪዲዮ በፊት ያንችን ካርድ እዩልኝ። አባትሽን ሳስብ ነው ያመሸሁት።

የቢቸናዋ፦
ካርዱ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ነገ እጠይቃታለሁ።