የእህቴን የታይምሼር ነጥብ እንጠቀም ወይስ ሳምንቱን ከሌላ ባለቤት እንከራይ? (ከጅማ ለሚሄዱ ወላጆች)

የሂርማታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እናትና አባታችን ከጅማ ተነስተው ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ጋ ሊከርሙ ነው። የቪዛው ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ተቀጥሯል፤ ውጤቱ ግን ገና አልታወቀም። እዚያ ሳሉ ኦገስት 16 እሁድ ገብተው አንድ ሳምንት ዊሊያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ፣ አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው እንዲያሳልፉ ታስቧል።

እህቴ የክለብ ዊንዳም ታይምሼር አላት፤ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ በሚሰጥ ነጥብ በክለቡ የዕረፍት ቤቶች የሚታደርበት የጋራ ባለቤትነት ነው። በዓመት 168,000 ነጥብ ታገኛለች፤ ዓመታዊ መዋጮዋ 1,260 ዶላር ነው። ለዚያ ሳምንት ባለሁለት መኝታው ልክ 168,000 ነጥብ ይጠይቃል። ባሏ ደግሞ እዚያው ግቢ ያለ ተመሳሳይ ቤት ሌላ ባለቤት በ700 ዶላር ሊያከራይ ማስታወቂያ አውጥቶ አይቷል። እኔ "ነጥብ እያለ ለምን ገንዘብ ይወጣል?" እላለሁ፤ እሱ መከራየቱ ያዋጣል ይላል። ማን ነው ልክ? ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ምናልባት አክስታችን ከሄደች ሰባት ይሆናሉ። ኪራዩንስ እኔ ከጅማ ሆኜ መክፈል እችላለሁ?

ሒሳብ ያዥ

እህቴ፣ ሁለታችሁም ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተዋችሁት። 1,260 ለ168 ሲካፈል እያንዳንዱ 1,000 ነጥብ 7.50 ዶላር ፈጅቷል ማለት ነው። ሳምንቱ በወረቀት 1,260 ዶላር ሆነ። አማቻችሁ 700 ሲያይ ዓይኑ የበራው ለዚህ ነው።

ግን መዋጮው ቤቱ ውስጥ ታደረም አልታደረም ይከፈላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ነጥቡ ስንት ፈጀ?" ሳይሆን "ለዚህ ጉዞ ባይውል ምን ይሆናል?" ነው።

ነጥቡ በዚህ ዓመት ሌላ ሥራ ከሌለውና ጊዜው አልፎ የሚቃጠል ከሆነ ዋጋው ዜሮ ነው። ያኔ 700 ዶላር መክፈል ገንዘብ መጣል ነው፤ አንቺ ልክ ነሽ። እህትሽ ግን ለምሳሌ ለፈረንጆቹ ገና ወይም ለልጆቹ የፀደይ ዕረፍት ሌላ ቦታ ልትሄድ ካሰበችና ያ ሳምንት በገንዘብ ቢከራይ 1,500 ዶላር የሚያስወጣ ከሆነ፣ ነጥቡን ለዚያ አስቀምጣ ይሄኛውን በ700 መከራየት ነው ያለባት። እዚህ ላይ አማቻችሁ ልክ ነው። በርካሹ ወቅት ተከራይ፣ ነጥብሽን ለውዱ ወቅት ያዢ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ነጥቡን ለሌላ ሰው ማከራየት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። "መዋጮዬ 1,260 ስለሆነ በ1,260 አከራያለሁ" ብለው ይነሳሉ። ገበያው ያንኑ ቤት በ700 እያከራየ ማን 1,260 ይሰጣል? ከማሳሽ የለቀምሽው ቡና ሂርማታ ገበያ ላይ የሚያወጣው ነው ዋጋው፣ ለለቃሚና ለኮትኳች የከፈልሽው አይደለም። ከ700ው ላይ ደግሞ የማስታወቂያና የእንግዳ ሰርተፍኬት (በባለቤቱ ፈንታ ሌላ ሰው እንዲገባ የሚፈቅድ ወረቀት) ክፍያ ይቀነሳል። ማከራየት የሚያዋጣው ተፈላጊ ሳምንት ቀድሞ ለያዘ ነው። ዊንዳም ውስጥ በራስ "ቤት" ሪዞርት (ባለቤትነቱ በተገዛበት ግቢ) እስከ 13 ወር፣ በሌሎቹ እስከ 10 ወር ቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ ጥሩዎቹ ሳምንታት የሚያልቁት ያኔ ነው።

700 እንዴት ሊረክስ ቻለ ብለሽ እንዳትጠራጠሪ፣ ምክንያት አለው። የቪአይፒ ደረጃ ያላቸው (ብዙ ነጥብ የገዙ) ባለቤቶች መግቢያው 60 ቀን ሲቀረው በቅናሽ ነጥብ ስለሚያስይዙ አንድ ሳምንት ከእህትሽ ባነሰ ወጪ ያገኙታል። ሌሎች ደግሞ ነጥባቸው ሊቃጠል ሲል ከምንም ይሻላል ብለው ይሸጣሉ። የስረዛው ቀነ ገደብ ያለፈበት ሰው ደግሞ ያገኘውን ይቀበላል።

ሌላም አለ። የክለቡ አባልነት የአርሲአይ (የታይምሼር ሳምንት የሚያለዋውጥ ድርጅት) አባልነትን ስለሚጨምር እህትሽ እዚያ ገብታ "ኤክስትራ ቬኬሽንስ" የሚለውን ትይ። ነጥብ ሳይነካ ሙሉ ሳምንት በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበት ክፍል ነው። ዊሊያምስበርግ ከተማዋ ትንሽ ሆና የታይምሼር ግቢ የሞላባት ስለሆነች አቅርቦት አይጠፋም። ጉድለቱ ሰባት ሌሊት ሙሉውን መውሰድ ግድ መሆኑ ነው። በራሷ ነጥብ ከሆነ ግን ከእሁድ እስከ ሐሙስ አምስት ሌሊት ብቻ መያዝ ትችላለች፤ አርብና ቅዳሜ ሌሊት ነጥብ በላተኞች ስለሆኑ እነሱን መተው ከሚታሰበው በላይ ያተርፋል። አያቶቹ ሰባት ቀን ሙሉ እዚያ መቀመጥ አለባቸው ያለ አለ?

ጊቤ ማዶ

ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ቪዛው ገና ነው ተብሏል እኮ! ቅደም ተከተሉን ሊወስን የሚገባው እሱ ነው። ከግል ባለቤት የሚከራዩት ሳምንት እንደ ደንቡ ገንዘቡ አይመለስም። ቪዛ ቢከለከሉ 700 ዶላሩ ሄደ።

ስለዚህ እህትሽ ዛሬውኑ በነጥቧ ታስይዝ። መግቢያው ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው ከሰረዘች ነጥቧ ይመለሳል። ቪዛው ከተመታ በኋላ፣ መግቢያው ከ60 ቀን በታች ሲቀረው፣ ርካሽ ኪራይ ትፈልግ። ካገኘች ኪራዩን አረጋግጣ የነጥቡን ትሰርዝ፤ ካላገኘች በያዘችው ትሂድ። ነጥቡ መያዣ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የተሰረዘ ነጥብ የሚመለሰው ወደ መጣበት የአገልግሎት ዓመት (ነጥቡ ሳይቃጠል ወደሚሠራበት ዓመት) ነው። ዓመቷ ሴፕቴምበር 30 የሚያልቅ ቢሆን፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ሰርዛ የሚመለስላት ነጥብ ሁለት ወር እንኳ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የአገልግሎት ዓመቷ ማብቂያ መቼ እንደሆነ ትይ። ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገርም የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ መጨረሻ ላይ ትዝ ሲል አይሆንም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ከጅማ ሆነሽ ለግለሰብ ዶላር ለመላክ አትድከሚ። የአየር ትኬቱን አንቺ እዚሁ በብር ቁረጪ፣ ማረፊያውን እሷ በዶላር ትክፈል፤ ተካክላችሁ ትጨርሳላችሁ። ትኬቱም ቢሆን ከቪዛው በኋላ!

የሂርማታዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የአገልግሎት ዓመቷ ዲሴምበር 31 ነው የሚያልቀው። ለፈረንጆቹ ገና ሳምንት የሆነ ቦታ አስባለች። ያ የ700 ዶላሩ ሰው ግን "በዜል ላኩልኝ፣ ቦታ ማስያዣውን ነገ እልክላችኋለሁ" ብሏል። አማቻችን ሊልክ ነው። ደግሞ ቦታው በማን ስም ይያዝ? ወላጆቻችን በእነሱ ስም ቢሆን ደስ ይላቸዋል።

ሒሳብ ያዥ

እንዳይልክ! ዜል ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው የሚገባ ገንዘብ ነው፤ በፈቃድሽ ከላክሽው በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ለማታውቂው ሰው በዜልም ሆነ በሐዋላ አይከፈልም። በክሬዲት ካርድ፣ ወይም በፔይፓል "ዕቃና አገልግሎት" በሚለው ምርጫ ነው። "ለጓደኛና ለቤተሰብ" የሚለው ምርጫ ጥበቃ የለውም፤ አጭበርባሪ የኮሚሽኑን ክፍያ ለማዳን ብሎ ወደዚያ ይጎትታል።

የፔይፓል አቤቱታ የሚቀርበው ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 15 ለኦገስት ጉዞ የከፈለ ሰው ጥበቃው ጁላይ 14 ያበቃል፤ በሩ ላይ ደርሶ "ስምህ የለም" ቢባል ጊዜው አልፏል። ዘግይቶ መከራየት ከዋጋው ሌላ በዚህም ይጠቅማል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ስምና አድራሻው፣ የቤቱ ዓይነት፣ መግቢያና መውጫ ቀን፣ ዋጋው፣ ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን የተጻፈበት አጭር ውል ይላክ። ከፊሉ ይከፈል። ባለቤቱ በክለቡ ሲስተም የእንግዳውን ስም አስገብቶ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይላክ። ከዚያ እህትሽ ራሷ ወደ ሪዞርቱ ትደውል፤ ስልኩንም ከሪዞርቱ ድረ ገጽ ትውሰድ እንጂ ባለቤቱ ከሰጣት አይሁን። ስሟ፣ ቀኑና የክፍሉ መጠን መመዝገቡን ከሰማች በኋላ ቀሪውን ትክፈል። በፎቶ የተላከ ማረጋገጫ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ይሠራዋል።

ባለቤቱን ሁለት ነገር ትጠይቀው። አንደኛ፣ መዋጮው ተከፍሏል ወይ? ውዝፍ ያለበት ባለቤት ቦታ ማስያዣው ሊታገድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቦታው በራሱ ነጥብ የተያዘ ነው ወይስ በአርሲአይ ልውውጥ የተገኘ? አርሲአይ በልውውጥ የተገኘን ሳምንት ማከራየት ይከለክላል፤ ከተነቃበት ይሰረዛል፣ ተከራዩም ሜዳ ላይ ይቀራል። ሬድዊክን በመሰሉ የታይምሼር ማከራያ ድረ ገጾች "የተረጋገጠ" የሚል ምልክት ካለው ማስታወቂያ መጀመር ድካም ይቀንሳል።

ባርጩማ

ስለ ስሙ እኔ ልመልስ። በወላጆች ስም እንዳይያዝ። እንግዳ ተቀባዩ ፓስፖርት ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ለመያዣ የሚሆን ክሬዲት ካርድ በዋናው እንግዳ ስም ይፈልጋል። አባትሽ የአሜሪካ ካርድ የላቸውም። ዋናዋ እንግዳ እህትሽ ትሁን፣ ወላጆቻችሁ ተጨማሪ ሆነው ይመዝገቡ። ስማቸው ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ይግባ። መሐመድን አራት ዓይነት አድርጎ የሚጽፍ አለ፤ የአያትን ስም ትቶ የአባትን በቤተሰብ ስም ቦታ የሚያስገባም እንዲሁ።

ሰባት ሰው ስላልሽው፦ ስድስት የሚል ቤት ስድስት ነው፣ ሕፃን ይቆጠራል። አንዳንዱ ባለሁለት መኝታ ስምንት ይይዛል፣ ሳሎን ያለው ሶፋ ስለሚዘረጋ። ቁጥሩ ማረጋገጫው ላይ ይጻፋል። አክስትሽ የምትሄድ ከሆነ አሁኑኑ ስምንት የሚይዘውን ያዙ እንጂ በር ላይ ለመለማመጥ አትተማመኑ። መጸዳጃው አንድ ይሁን ሁለትም ጠይቁ፤ ለአዛውንት ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ክፍል በቅድሚያ ማመልከት ይቻላል፣ ቃል ግን አይገቡም።

ሰዓት አቆጣጠሩ እንዳያምታታችሁ። መግቢያው አብዛኛው ቦታ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ መውጫው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባው በረራ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ የሚደርሰው ጠዋት ስለሆነ፣ ያንኑ ቀን ሽማግሌዎቹን በመኪና ወደ ዊሊያምስበርግ መውሰድ ግፍ ነው። እህትሽ ቤት ጥቂት ቀን ይረፉ። እሁድ መግባታችሁ ጥሩ ነው፤ ከዋሽንግተን ወደ ሪችመንድ የሚወስደው አይ-95 አውራ ጎዳና በክረምት አርብ ከሰዓት መኪና በመኪና ነው።

ቁልፍ ከተቀበላችሁ በኋላ "የመኪና ማቆሚያ ወረቀታችሁን እዚያ ጠረጴዛ ውሰዱ" ይባላል። እዚያ ያለው ሻጭ ነው። ስጦታ ካርድ ይሰጣችኋል፣ በምላሹ "የአንድ ሰዓት ገለጻ" ይላል፤ ሰዓቱ ይለጠጣል። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ግዴታ የለም። አማቻችሁ ተሸንፎ ቢፈርም እንኳ በቨርጂኒያ ሕግ 7 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለ፤ በፍሎሪዳ 10 ነው። በጽሑፍ፣ በአደራ ደብዳቤ።

ሙሉ ኩሽና ስላለ ለጾምም ለሐላልም ይመቻል፤ ሥጋውን ከሜሪላንድ በበረዶ ሳጥን ያዙ። ቡና ግን እዚያ አይቆላ! የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ዕጣንም እንደዚያው፣ ክፍሉ ከሸተተ የጽዳት ቅጣት ይጠይቃሉ። እናታችሁ ቡናውን ጅማ ቆልተውና ወቅጠው ይያዙ፣ ጉምሩክ ላይ ምግብ መያዛቸውን ያሳውቁ። ጀበናው ደግሞ ታቹ ክብ ስለሆነ ጠፍጣፋው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይቆምም፤ ማስቀመጫ ቀለበት ያስፈልገዋል።

የሂርማታዋ

አማቻችን ለሰውየው "ፔይፓል ካልሆነ አይሆንም" ብሎ ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እህቴ ስምንት የሚይዘውን በነጥቧ አስይዛለች፤ እሁድ ገብተው አርብ ይወጣሉ፣ ለገናም ነጥብ ይተርፋታል።

ጊቤ ማዶ

እሰይ። ስልኳ ላይ ቀን ታስይዝ፦ ኦገስት 16 የእኛ ነሐሴ 10 ነው፤ 15 ቀን ወደኋላ ሐምሌ 25። በመጨረሻው ቀን ሲስተሙ ቢጠፋስ? ሐምሌ 23ን ትያዝ። እስከዚያ ቪዛው ካልመጣ ትሰርዝ፤ ከመጣና ርካሽ ኪራይ ከተገኘም ያው ቀን ሳያልፍ ነው።