ሴቷ ድራጎን ጥጉን ትቆፍራለች፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቢርድድ ድራጎኖች አሉኝ፤ እነዚያ ጺማም የአውስትራሊያ እንሽላሊቶች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ 11 ወር ሆኗቸዋል። «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብዬ ነበር የገዛኋቸው። አሁን አንዱ ጺሙን አጥቁሮ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላዋ አንድ እጇን ቀስ እያደረገች ታውለበልባለች፤ ሰላምታ መስሎኝ ቪዲዮ ሁሉ ቀርጫለሁ። ከትናንት ወዲህ ግን ሆዷ ተነፍቶ የመስታወት ቤታቸውን ጥግ ስትቧጭር ትውላለች። ምግብም ትታለች። ቤቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። እንቁላል ከሆነ ላስፈልፍለው?

ቲቲ፦ ሰላምታ አይደለም ወንድሜ፤ «ተሸንፌያለሁ፣ ተወኝ» ማለቷ ነው። ጺሙን የሚያጠቁረው ደግሞ ወንድ ነው፤ ዛሬውኑ ለያቸው። አብረው ካሉ ወንዱ ፋታ አይሰጣትም። ለአንድ አዋቂ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ያውም ለብቻው።

የድሮ አርቢ፦ ቁፋሮው እንቁላል ነው። ጥልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልግና አፈርና አሸዋ ቀላቅለህ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙላው። እርጥበቱን በእጅህ ፈትሽ፤ ስትጨብጠው ቅርጹን ይያዝ፣ ውሃ ግን አያንጠባጥብ። በጣትህ ጉድጓድ ጀምርላት፣ ጨርቅ ጣል አድርግበትና ዘወር በል። እኔ የመጀመሪያዋን ቁጭ ብዬ ሳፈጥባት ሁለት ቀን አቆይታ ነው የጣለችው። ስትጨርስ አፈሩን መልሳ በአፍንጫዋ ትጠቀጥቀዋለች፤ ሆዷም ባዶ ከረጢት ይመስላል።

ኪኪ፦ ለምን ይባክናል? 28 ወይም 29 ዲግሪ ላይ ሁለት ወር ገደማ ማቆየት ነው። ሳታገላብጥ ብቻ! እኔ አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ።

የድሮ አርቢ፦ ኪኪ፣ ወንድምና እህት እኮ ናቸው! ደግሞ 20 ጫጩት ቢፈለፈል ማን ይወስዳቸዋል? አንድ ላይ ሲጨናነቁ ጣትና ጅራት ይነካከሳሉ። ቦታና ተቀባይ ሳይኖር ማስፈልፈል ጭካኔ ነው፤ ቅር ካላችሁም ይበላችሁ። እንደጣለች እንቁላሉን እንዳይፈለፈል ፍሪዘር ውስጥ ክተተው።

የእንስሳት ሐኪም፦ እስማማለሁ። በ11 ወር ራሷም ገና እያደገች ነው፤ ቢያንስ 18 ወር ሳይሞላት መራባት አልነበረባትም። ምግቧ ላይ የካልሲየም ዱቄት ነስንስ። የዩቪቢ መብራቱ (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው) በመስታወት በኩል እንዳይሆን፤ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋል። መሞቂያዋ ድንጋይ ላይ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 28 ይሁን። እያማጠች ካልጣለች፣ ከፈዘዘች ወይም እግሯ ከተንቀጠቀጠ ግን አትጠብቅ፤ ሐኪም ጋ ውሰዳት። ሌላም አለ፦ ዘሩን በሰውነቷ ስለምታቆይ ወንዱ በሌለበት ከሳምንታት በኋላ ደግማ ልትጥል ትችላለች። ሳጥኑን አትጣለው።

ጀማሪው፦ ዛሬ ንጋት ላይ ጣለች፤ 17! በረሮውን ከእጄ ነጥቃ በላች። ወንዱ ሌላ ክፍል ነው። እንቁላሎቹ ፍሪዘር ገብተዋል፤ አይስክሬም ፈላጊ እንዳይከፍተው «አይነካም» ብዬ ጽፌበታለሁ።